ሞተሩ ቀላሉ ነው፤ ጣጣው ያለው የኋላ ጎማው ላይ ነው

ብስክሌቴ ላይ የገጠምኩትን ሞተር ያየ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። ስንት ይሮጣል? ራስህ ነህ የገጠምከው? የሐበሾች ሰፈር ፌርፋክስ ቡና ልጠጣ ሄጄ በር ላይ ሳቆመው ደግሞ ሦስተኛ አስተያየት ይጨመርበታል። «ወንድሜ፣ አሜሪካ መጥተህ ይሄን?» ይሉኛል። ይሳቅ፣ ችግር የለም። ምን ላይ ነው ጊዜ የፈጀብህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልመልስ። ሞተሩን መግጠም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ላቤን ያወጣው ሞተሩን ከኋላ ጎማው ጋር ማገናኘቱ ነው። ይሄን ኪት፣ ማለትም ብስክሌት ላይ የሚገጠም ሞተር ከነዕቃው፣ ልግዛ ወይስ ልተው እያላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ገንዘባችሁንም ሐሳባችሁንም እዛ ላይ አድርጉ።

ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው። ሥራዬ የማታ ነው። በምወጣበት ሰዓት አውቶቡስ አለ ከሚባል የለም ቢባል ይቀላል። መኪና መግዛት ይቻላል፣ ግን ኢንሹራንሱ፣ ፓርኪንጉ፣ ቤንዚኑ፣ ጥገናው ሲደማመር ገና ደሞዝ ሳይገባ ያለቀ ያህል ነው። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ነው የሚመላለሰው፣ ስለዚህ ብስክሌት ላይ መውጣት ለኔ ብርቅ አይደለም። እዚህ ግን ርቀቱ ሌላ ነው። ሙሉ ሺፍት ቆሞ የዋለን እግር በውድቅት ሌሊት ዳገት ላይ ፔዳል ምታ ብትለው ያምፅብሃል።

ኤሌክትሪክ ለምን አትገዛም የሚለውን ጥያቄ ሰልችቶኛል። ጥሩ ነገር ነው፣ ለብዙ ሰው እሱ ይሻላል፣ አልከራከርም። እኔ ብስክሌቴን የማስቀምጥበት ቦታ ሶኬት የለም። ባትሪ ተሸክሜ ደረጃ መውጣትና አልጋዬ ሥር ቻርጅ አድርጌ መተኛት ደግሞ አልፈለግኩም። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ሞተር እወዳለሁ። በቃ።

ኪቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ቱ ስትሮክ እና ፎር ስትሮክ። ቱ ስትሮኩ ርካሽ ነው፣ ጠባብና ቀላል ነው፣ ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) መሃል ልክ እንደተሰፋ ልብስ ግጥም ይላል። ግን ቤንዚኑ ላይ ዘይት እየለኩ መቀላቀል አለ፣ ጢስ አለ፣ ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት አለ። ሌሊት የሚገባ ሰው ይሄን ይዞ ከጎረቤት ጋር አይስማማም። ፎር ስትሮኩ ዘይቱ ለብቻው ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ፒስቶኑ ይስባል፣ ያምቃል፣ ይፈነዳል፣ ጭሱን ያስወጣል፤ ለዚህ ሁሉ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሁለት ዙር ይዞራል። ቱ ስትሮኩ በየዙሩ ሲተኩስ ይሄኛው በየሁለት ዙሩ ነው የሚተኩሰው። ስለዚህ ሲሲው እኩል ቢሆንም ጉልበቱ ያንሳል። በምትኩ ድምፁ ወፈር ብሎ ዝግ ያለ ነው፣ ማደያ ገብተህ ንጹሕ ቤንዚን ቀድተህ መሄድ ነው፣ ልብስህም የቤንዚን ሽታ ይዞ ሥራ አይገባም።

በዚህ መጠን ከሚታወቁት ውስጥ አንዱ የሆንዳ ጂኤክስኤች50 ነው። 49.4 ሲሲ፣ 5.5 ኪሎ፣ ዘይቱ ሩብ ሊትር፣ በደቂቃ 7000 ዙር ላይ 2 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ውኃ ፓምፕ ላይ ተገጥሞ አይታችሁት ይሆናል። ብዙዎቹ የቻይና ኪቶች ውስጥ የሚመጣው ሁዋሸንግ 142ኤፍ የዚሁ አምሳያ ነው። የኔም ሁዋሸንግ ነው። ገዝቶ ሳይገጥመው ለዓመታት ጋራዡ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ነው የሸጠልኝ። ካርቶኑ አቧራ ለብሶ ነበር፣ ብሎኖቹ ግን ከነፕላስቲካቸው ነበሩ። አዲስ ፍለጋ ለምትሄዱ፣ ካሊፎርኒያ ከ2024 የሞዴል ዓመት ጀምሮ አብዛኞቹ አዳዲስ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች እንዳይሸጡ ደንብ አውጥታለች፤ የሣር ማጨጃውንና የመሳሰሉትን የሚመለከት ነው። ስለዚህ እዚህ ገበያው እየጠበበ ነው።

ደግሞ የሚገርመው፣ ነገሩ የዚሁ ከተማ ልጅ መሆኑ ነው። ዊዘር የሚባለው የብስክሌት ሞተር ኪት በ1939 እዚሁ ሎስ አንጀለስ የአውሮፕላን ዕቃ ከሚሠራ ኩባንያ ነው የወጣው። 138 ሲሲ ፎር ስትሮክ ነበር። በመጀመሪያ ጎማውን የሚያዞረው በሚፈትግ ሮለር ነበር፣ በኋላ ወደ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ቀየሩት። በጦርነቱ ጊዜ የጦር ፋብሪካ ሠራተኞች ለሥራ መመላለሻ ይገዙት ነበር። ጣልያኖቹም ከጦርነቱ በኋላ ኩቾሎ የሚባል 48 ሲሲ ፎር ስትሮክ ብስክሌት ላይ ገጥመው ነበር፤ ዱካቲ ወደ ሞተር ሳይክል የገባው በሱ ነው። እንግዲህ ፌርፋክስ ላይ የሚስቅብኝ ሁሉ ይሄን ይወቅልኝ።

ወደ ሥራው። ከኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ካርቶኑን ሳወርድ አዩኝ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው የኔ ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ የጠየቁኝ «ብስክሌቱ ምንድን ነው?» ብለው ነው። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። የመረጥኩት የዘጠናዎቹ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ነው። ቴላዮው ብረት ነው፣ ከፊትም ከኋላም የጎማ ፍሬን ማሰሪያ አለው፣ ጎማው 26 ኢንች ነው፣ ከፊት ስፕሪንግ የለውም። አሉሚኒየም ቴላዮ አትምረጡ። አሉሚኒየም እንቅጥቅጥ ሲበዛበት ሳይታይ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧውም ወፍራም ስለሆነ የኪቱ ማሰሪያ አይይዘውም። ቴላዮው ትልቅ ቁጥር ይሁን። ፎር ስትሮክ ቁመቱም ስፋቱም ከቱ ስትሮክ ይበልጣል፣ ትንሽ ቴላዮ ውስጥ ካርቡራቶሩ ከኮርቻው ቧንቧ ጋር ይጋጫል።

ሞተሩ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይቀመጣል፣ ብረቱ በሁለቱ የቴላዮ ቧንቧዎች ላይ ይታሰራል። እዚህ ጋ ልብ የሚባለው ሞተሩ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ነው። የትንሽ ፎር ስትሮክ ዘይት ሆዱ ውስጥ እየተረጨ ነው የሚያለሰልሰው፣ ሞተሩ ካዘመመ የሚረጨው ቦታ ላይ ዘይት አይደርስም። ጋሼ ውኃ ልክ አምጥተው ነው ያስቀመጡት፣ ግድግዳ የምንሠራ ነበር የሚመስለው። በዚሁ ምክንያት ብስክሌቱን በጎኑ ማስተኛትም የለም። ዘይቱ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄድና ሲነሳ ነጭ ጢስ ያስነጥሰዋል።

ሌላው የፔዳሉ ነገር ነው። ሞተሩ ሰፊ ስለሆነ በተለመደው ፔዳል እግር ይነካዋል፣ ስለዚህ ረጅም አክሲስ ያለው ሰፊ የፔዳል ክንድ ከኪቱ ጋር ይመጣል። እግር ትንሽ ፈርከክ ይላል፣ ይለመዳል። ቤንዚን ታንኩ ላይኛው ቧንቧ ላይ ይታሰራል። የጋዙ ገመድ ወደ መሪው ይሄዳል፣ ለቀቅ ሲደረግ በራሱ መመለሱን መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሙሉ አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። ማጥፊያው አንድ ሽቦ ነው። ብሎኖቹ ሁሉ ላይ ሰማያዊ ሎክታይት፣ ብሎን እንዳይፈታ የሚይዘው ማጣበቂያ። ይኼው አለቀ፣ የሞተሩ ሥራ ይሄ ነበር።

አሁን ጎማው። የሞተሩ ኃይል ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ከዚያ በቺንጋ ወደ ትንሿ ካምቢዮ (ዙሩን የምትቀንስ የማርሽ ሳጥን)፣ ከካምቢዮው በካቴና (ሰንሰለት) በስተግራ ወዳለው የኋላ ስፕሮኬት (ጥርሳም ክብ ብረት) ይሄዳል። ፍሪሲዮኑ በዙር የሚከፈት ነው፣ ጋዝ ስትሰጠው በራሱ ይይዛል፣ ስትለቀው ይለቃል፣ የምትጨብጠው እጀታ የለም። እስከዚህ ሁሉም በፋብሪካ የተሠራ ነው፣ ይሠራል። ችግሩ መጨረሻው ስፕሮኬት ላይ ነው። ብስክሌት በግራ በኩል ስፕሮኬት እንዲገባበት አልተሠራም። ስለዚህ ኪቱ አንድ ዘዴ ይዞ ይመጣል። ሁለት ወፍራም የጎማ ቀለበቶች አሉ፣ አንዱ ከቸርኬው ሽቦዎች በስተውስጥ፣ አንዱ በስተውጭ ይሆናል፣ ስፕሮኬቱ በላዩ ይመጣና ዘጠኝ ብሎኖች በሽቦዎቹ መሃል እያለፉ ሁሉንም አንድ ላይ ይጨብጧቸዋል። ማለትም ስፕሮኬቱ የሚይዘው ሽቦዎቹን ነው።

ጋሼ ይሄን ሲያዩ ዕቃውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ሽቦ ሰው እንድትሸከም ነው የተሠራችው። በጎኗ ጨብጦ የሚጎትታት ነገር ታውቃለች?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚገጥመው።»

«ሁሉም ሰው ይግጠም። እኔ እያየሁ አንተ አትገጥምም።»

እውነታቸውን ነው። ይሄ አሠራር በደንብ ከተገጠመ የሚሠራበት ጊዜ አለ፣ ብዙ ሰው ይነዳበታል። ግን የጎማ ቀለበቱ ሲሞቅና ሲጨመቅ ይላላል፣ ዳዶዎቹ ይፈታሉ፣ ስፕሮኬቱ ከመሃል ይንሸራተታል። አንዴ ከመሃል ከወጣ ካቴናው በየዙሩ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል፣ ከዚያ ሽቦ መስበር ይጀምራል። የሚሻለው መገናኛ ሌላ ነው፣ ለብቻው ይገዛል። ሁለት ግማሽ የሆነ ወፍራም አሉሚኒየም ነው፣ የጎማውን እምብርት ራሱን ከግራ በኩል ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ ስፕሮኬቱ በሱ ላይ በብሎን ይታሰራል። ሽቦዎቹ አይነኩም። ስትገዙ የእምብርታችሁን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፤ የሚሸጠው በልክ በልክ ነው፣ ጥቂት ሚሊሜትር ከሰፋ ይዞራል፣ ከጠበበ አይገባም። በዚያው የኋላውን ቸርኬ ራሱን ቀየርኩት። የተለመደው ሽቦ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ አሁን ያለው 2.6 ገደማ ውፍረት ያለው ነው። ለኪቱ ካወጣሁት ገንዘብ ጋር ሲነፃፀር ይሄ ተጨማሪ ወጪ ያማል። ቢሆንም የሚቆጨኝ ወጪ አይደለም።

ከዚያ የካቴናው መስመር። የካምቢዮው ትንሿ ስፕሮኬትና የኋላው ትልቁ በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ሁለቱ ላይ ተጋድሞ ሁለቱንም በእኩል መንካት አለበት። እዚህ ላይ ነው ቀኑ ያለቀው። አንድ ሮንዴላ ጨምር፣ እሰር፣ አሽከርክር፣ እይ፣ ፍታ፣ ሮንዴላ ቀንስ። ስፕሮኬቱ ሲዞር ወደ ጎን መወዛወዝም ወደ ላይና ወደ ታች መዝለልም የለበትም። ጋሼ ቴላዮው ላይ ካቻቢቴ ደግፈው ጫፉን ስፕሮኬቱ አጠገብ ያዙትና ጎማውን ቀስ እያሉ አዞሩት። የት ጋ እንደሚቀርብና እንደሚርቅ በዚህ ይታያል። ጆሯቸውም ይሰማል መሰለኝ፣ እኔ ምንም ሳላይ «እዚህ ጋ» ይሉ ነበር።

ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲጫን 12 ሚሊሜትር ገደማ መርገብ አለበት። በጣም ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል፣ በጣም ከላላ ይወጣል። ኪቱ ካቴናውን የሚወጥር አንዲት ትንሽ ሮለር ይዞ ይመጣል፣ የኋላው ቧንቧ ላይ በማሰሪያ የምትታሰር። እባካችሁ ይቺን ነገር ተጠንቀቁ። በካቴናው ጉተታ ማሰሪያዋ ቧንቧው ላይ ይዞርና ሮለሯ ወደ ቸርኬው ሽቦ ትገባለች። የኋላ ጎማ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ይቆለፋል ማለት ነው። ኪት ገጥመው ከወደቁ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ይቺ ሮለር ደጋግማ ትመጣለች። እኛ ጨርሶ አልገጠምናትም። ካቴናውን በልኩ ቆርጠን የቀረውን ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ አስተካከልነው። ቴላዮው ይሄን የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ማሰሪያዋ ፈጽሞ እንዳትዞር በብሎን የምትያዝበትን መንገድ ፈልጉ።

ስንት ይሮጣል ላላችሁ፣ ስሌቱ ይኸው። የኔ ካምቢዮ 5 ለ 1 ይቀንሳል። ከፊት ባለ 10 ጥርስ፣ ከኋላ ባለ 44 ጥርስ ነው፣ ይሄ 4.4 ነው። ሲባዛ 22 ይሆናል። ሞተሩ 7000 ሲዞር ጎማው በደቂቃ 318 ይዞራል። 26 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር 2.07 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 39 ኪሎሜትር ተኩል ገደማ፣ ወይም 24 ማይል ተኩል መሆኑ ነው። ኋላ ባለ 36 ጥርስ ብታስገቡ በወረቀት 48 ኪሎሜትር ይደርሳል፣ ግን ዳገት ላይ ሞተሩ ይተነፍሳል። እኔ 44ቱን አልለቅም። በዚህ ብስክሌት ላይ ከዚህ በላይ መሮጥ የሚያምረው ሰው ሞተር ሳይክል ይግዛ።

ምክንያቱም ፍሬን አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በፔዳል በሰዓት 20 ኪሎሜትር ስሄድ ጥሩ የነበረው ፍሬን በ40 ላይ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የፊቱንም የኋላውንም ወደ ቪ ፍሬን ቀየርኩ፣ የፍሬን ጎማዎቹን አዲስ አደረግኩ፣ ገመዶቹን ቀየርኩ። እዚህ ቢች ክሩዘር የሚባለው፣ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ ብቻ የሚይዘው ብስክሌት ላይ ሞተር የሚገጥሙ አሉ። ካቴናው ከወለቀ ፍሬን የለም ማለት ነው። አላዋጣኝም።

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ቀን ጋሼ ማስነሻ ገመዱን እሳቸው ናቸው የሳቡት። ይገባቸዋል። ዘይት 10ደብልዩ30 ሞላን፣ ልኩን አየን፣ ቾኩን ዘጋን። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ተነሳ። ኮርቻ ላይ ወጥቼ ትንሽ በፔዳል ከገፋሁ በኋላ ጋዝ ስሰጥ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ያዘ። ከመንገዱ ጫፍ ስመለስ ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ካቴናውን ነበር የሚያዩት፤ እኔን አላዩኝም። የመጀመሪያውን ዘይት ከጥቂት ሰዓት ንዳት በኋላ ቀየርነው። የብረት ብናኝ ይዞ ነው የወጣው፣ አዲስ ሞተር ላይ ይሄ ያለ ነው፣ ግን ውስጡ መቆየት የለበትም። በዚህ ጊዜ ሙሉ ጋዝ አይሰጥም፣ ረጅም ዳገትም አይወጣም።

ሕጉን ደግሞ አትዝለሉት፣ በተለይ እዚህ ያላችሁ። ካሊፎርኒያ ሞተር ያለው ብስክሌት የምትለው ከ4 የፈረስ ጉልበት በታች የሆነውን፣ ማርሹ አውቶማቲክ የሆነውን፣ ሜዳ ላይ በሰዓት ከ30 ማይል በላይ የማይሄደውን ነው። ለሱም ኤም1 ወይም ኤም2 መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የመኪናው አይበቃም። ልዩ ታርጋ አለው፣ አንድ ጊዜ ከፍለህ የምታወጣው። ሄልሜት ግዴታ ነው። መኪና መንገድ ዳር የተሰመረው የብስክሌት መስመር ላይ በልክ እየነዱ መሄድ ይቻላል፣ ከመንገድ ተለይቶ በተሠራው የብስክሌት መንገድ ላይ ግን አይፈቀድም። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን እዩ፣ እንደየቦታው በጣም ይለያያል።

አሁን ከሥራ በምወጣበት ሰዓት የአውቶቡስ ሰዓት አላይም። ዳገቱ ላይ በፔዳል አግዘዋለሁ፣ ሜዳው ላይ እሱ ይወስደኛል። በየሳምንቱ እረፍቴ ቀን ዳዶዎቹን ሁሉ በመፍቻ እዞራቸዋለሁ፣ ካቴናውን ዘይት እቀባለሁ፣ የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣት እነካለሁ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሆነው «የማርሚታዋን ብሎን አየሃት?» ይሉኛል፣ የጭስ ማውጫዋን ማለታቸው ነው። ብሎኗ የምር ችግር ናት፣ ሎክታይቱ በሙቀት ይለቃታል። ቀጥሎ የሚቆለፍ ሮንዴላ ልሞክርባት ነው።